አዴ ሌሊሴ መቅመስ የተዉበት ምክንያት

ነገሩ የሆነው ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ቡራዩ ላይ ነው። ከዚህ የከፋ ያየ ሰው ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ ግን በዚያ ቀን በገዛ እጄ የጻፍሁትን ቃል እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልሁም፤ እስካለፈው ኅዳር ድረስ ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ እንኳ ሳትሰማው ዐርፋለች። በዚህ አምድ ሰዎች የደረሰባቸውን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ አነባለሁ። እኔ የምጽፈው በሰው ላይ ያደረስሁትን ነው።

ሥራዬ የትምህርት ቤቶች ጎብኚ ነበር። ያደግሁት ቅኔ ቤት ነው፤ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ አዲሱን ትምህርት ጥቂት ቀስሜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። በየዓመቱ መንገዱ ሲደርቅ በጎጃም በር ወደ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ እየወጣሁ ልጆቹን ንባብና ጽሕፈት እፈትን ነበር። በእነዚህ በሦስቱ መንገዶች ሃያ ዓመት ያህል ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያ በበቅሎ፣ ቀጥሎ በጭነት መኪና ላይ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ በመጨረሻ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር።

በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ማረፊያውን የምትመርጥለት በቅሎዋ ናት። ውሃና ጥላ ባለበት ትቆማለች፤ እሷ በምትቆምበት ሁሉ ደግሞ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት በር አይጠፋም ነበር። ጠላ አለ ማለት ነው። እነዚህን ቤቶች በየዓመቱ አንድ ጊዜ ስለማያቸው፣ አብሯቸው የሚኖር ሰው የማያስተውለውን ለውጣቸውን አስተውል ነበር።

ሱሉልታ ላይ የማርፍበት ቤት ጎንበስ ብለው የሚገቡበት የሣር ቤት ነበር። በሜዳው ብርድ የደነዘዘ መንገደኛ ኩበት በሚነድበት ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ፣ አንዱ ከደጀን፣ አንዱ ከፍቼ ያመጣውን ወሬ ይለዋወጣል። አንድ ዓመት ስሄድ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። በሌላው ዓመት በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጥቂት ቆይቶ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ሰው ለሰው ወሬ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ሁሉም ወደ ሣጥኑ ዞሮ ይጠጣል።

ሰበታማ ከሁሉ ፈጠነ። ቡና የጫኑ መኪናዎች እዚያ ማደር ሲጀምሩ ጠጅ ቤቱ ባንኮኒ ሠራ፤ ብርሌው ወጥቶ የቢራ ጠርሙስ ገባ፤ ሸክላ ማጫወቻ መጣ። ዱሮ የቤቱ እመቤት «ከየት መጡ? መንገዱ እንዴት ነው? ልጆች ደኅና ናቸው?» ሳይሉ አይቀዱም ነበር። ኋላ ላይ የማላውቃት ልጅ ወደ እኔ ሳታይ «ምን ልታዘዝ?» ትለኝ ጀመር። የተናገረችው በትሕትና ነው፤ ግን በዚያ ቤት ዕውቂያዬ እንዳለቀ በዚያች ቃል ገባኝ።

ሳይለወጥ ብዙ የቆየው የቡራዩው የአዴ ሌሊሴ ቤት ነው። አዴ ሌሊሴ ባላቸው በጠላት ጊዜ የሞቱባቸው፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ቤቱን የወረሱት ከእናታቸው ነው። ከወንዙ በላይ ባለው ዳገት ላይ ስለነበር፣ በቅሎዎቹ ከታች ሲጠጡ ባለቤቶቻቸው ከላይ ይጠጡ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አካም ጅርቱ፣ የኔታ! ዘንድሮም አልረሱንም!» ይሉኛል።

ጠላውን ቀድተው ለእንግዳ ከመስጠታቸው በፊት፣ ከዚያው ከሚሰጡት ዋንጫ ጥቂት በግራ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፉት ይሉታል። ይህ እንግዲህ ያገር ልማድ ነው፤ በውስጡ ክፉ ነገር እንደሌለ ማሳያ ነው። ሌሎቹ ቤቶች ልማዱን አንድ ባንድ ሲተዉት አዴ ሌሊሴ ግን ለአንድም ሰው ሳይቀምሱ ሰጥተው አያውቁም ነበር።

በዚያ ቤት ከማይታጡት ሰዎች አንዱ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ፣ ወፈር ያሉ፣ ቀልደኛ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ፊደል ቆጥረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እኔ የምቆጥረው በሬ ነው፣ የኔታ» አሉኝ። «ያንቱ ፊደል ሰባት ወንድማማች ነው አሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ስድስት ይተርፋል። የኔ በሬ ወንድም የለው። እሱን ትቼ ያንቱን ብቆጥር ማን ያርስልኛል?»



ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለትምህርት ቤቶች ስለ ንጽሕና አንድ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀሁ። በእጅ ላይ ስለሚኖሩ፣ በዓይን ስለማይታዩ ተሐዋስያን የሚያስረዳ ነበር። መጽሐፉ ሲታተም እጅግ ኮራሁ። በዚያው ዓመት ከመሥሪያ ቤቴ ሁለት ወጣት ባልደረቦች፣ አንደኛው በውጭ አገር የተማረ፣ ከእኔ ጋር ወደ ቡራዩ መጡ። አዴ ሌሊሴ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ካገሩ ሰው በቤቱ የነበሩት ኦቦ ቱፋ ብቻ ናቸው።

አዴ ሌሊሴ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ቀምሰው ዋንጫውን ሲዘረጉ፣ ውጭ አገር የተማረው ልጅ ፊቱን አጨፈገገና ወደ እኔ አየ። አፈርሁ። ያፈርሁት በእሱ ፊት ነው፤ የተናገርሁት ግን እሳቸውን ነው።

«አዴ ሌሊሴ፣ ይህን ነገር እንግዲህ ይተዉት» አልኋቸው።

«የቱን?»

«በመዳፍ መቅመሱን። በእጅ ላይ በሽታ አለ። ከተማ ውስጥ አሁን ማንም አይቀምስም።»

መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ታጥቤዋለሁ እኮ፣ የኔታ።»

«ቢታጠቡትም በዓይን አይታይም።»

ኦቦ ቱፋ ከጥጋቸው ሆነው «ኧረ እሷ ካልቀመሰችልኝ እኔ በምን አምኜ እጠጣለሁ?» አሉ። «አማቴ ሰው ልካ ያስጨመረችብኝ ነገር ቢኖርስ?»

«አንተ ደግሞ!» አሏቸው አዴ ሌሊሴ። «አማትህ ላንተ ብላ ጠላ አታበላሽም።»

ሁላችንም ሣቅን። ከዚያ አዴ ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው «የተማረ ሰው እንዲህ ካለ እተወዋለሁ» አሉ።

በተከታዩ ዓመት ስመለስ በእርግጥም ትተውት አገኘሁ። ዋንጫዎቹ ተነሥተው ብርጭቆዎች ተገዝተዋል። ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ብርጭቆውን በፊቴ አጥበው፣ ወልውለው ቀዱልኝ። «እንዳሉኝ አደረግሁ» አሉኝ እንደ ተማሪ። ደስ አለኝ። በዚያ ዓመት ለመሥሪያ ቤቴ በጻፍሁት ዘገባ ላይ፣ የንጽሕና ትምህርት ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ሕዝቡ መዝለቅ እንደ ጀመረ አመለከትሁ። ዘገባው ተመሰገነ።

በሦስተኛው ዓመት ቡራዩ ስደርስ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። መምህሩን ብቻ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ለአፈርሳታ መቀመጡን ነገረኝ። አፈርሳታ፣ ለማያውቁት ወጣቶች፣ ያገር ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እስኪናገር ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አልሁት።

«ኦቦ ቱፋ ሞቱ» አለኝ። «አዴ ሌሊሴ ቤት ሲጠጡ።»

ወደ ሜዳው ወረድሁ። ከዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን በፀሐይ ላይ ነው። ሰብሳቢው አንድ አረጋዊ ባላምባራስ ነበሩ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እግዜር አመጣልን! ጸሐፊያችን ታሞ ቀረብን። የኔታ፣ እርስዎ ቃል ይጻፉልን እንጂ!»

እምቢ ለማለት ምክንያት አልነበረኝም። ዝቅ ያለች ጠረጴዛ አመጡልኝ። ወረቀቴን ዘረጋሁ፤ ብዕሬን አወጣሁ።

መጀመሪያ የተናገሩት የሟቹ ወንድም ኦቦ ገዲሳ ናቸው። «ወንድሜ ጤነኛ ነበረ» አሉ። «ከገበያ መልስ እሷ ቤት ገባ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳይጨርስ ደረቱን ይዞ ወደቀ። የእሷ ወንድምና የኔ ወንድም በእርሻ ወሰን ይካሰሳሉ። ክሱ የተጀመረው ካቻምና ነው። ይህን የማያውቅ የለም።»

ከአንድ ማሰሮ የጠጡ ሦስት ሰዎች ተጠሩ። አንዳቸውንም ምንም እንዳልነካቸው መሰከሩ።

«ማሰሮውን ማን አማ?» አሉ ኦቦ ገዲሳ። «እኔ የማማው ብርጭቆውን ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ። ወንድሜ ከጠጣበት ብርጭቆ ቀምሳለች?»

ባላምባራስ ምስክሮቹን አንድ ባንድ ጠየቁ።

«ቀምሰዋል?»

«አልቀመሱም።»

«ዱሮ ይቀምሱ ነበር?»

«ከእናታቸው ጀምሮ ይቀመስ ነበር።»

«መቼ ተዉ?»

«ካቻምና ግድም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ክሱም ካቻምና፣ መቅመስ መተዋቸውም ካቻምና። እኔ ቃሉን ጻፍሁ። ጽሕፈቴ የተመሰገነ ነው፤ በዚያም ቀን አልተበላሸም።

አዴ ሌሊሴ ተጠርተው መሐል ቆሙ። ነጠላቸውን አደግድገው ነበር። ማሉ። ባላምባራስ በደግ ድምፅ ጠየቋቸው።

«ሌሊሴ፣ አገር የሚያውቀውን ልማድ ለምን ተውሽ?»

አዴ ሌሊሴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ እኔ አዩ። ብዙ አላዩኝም፤ አንድ ጊዜ፣ ያውም በእርጋታ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ባላምባራስ መለሱ።

«እጁ የኔ ነው» አሉ። «የተውኩትም እኔ ነኝ።»

«ያስተወሽ ሰው አለ?»

ዝም አሉ።

ባላምባራስ ወደ ሕዝቡ ዞረው በሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። «ስለዚህ ነገር ያየ፣ የሰማ፣ የሚያውቅ ይናገር!» ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ ሦስት ጊዜ ሰማሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ከእሳቸው በቀር ስለዚያ ነገር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሁለቱ ባልደረቦቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ኦቦ ቱፋ ሞተዋል።

ለምን እንዳልተናገርሁ ብዙ ዓመት መርምሬዋለሁ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ባገር ነገር አልገባም ብዬ ነበር። በሰው ሞት ሸንጎ ላይ ስሜ ቢነሣ መሥሪያ ቤቴ ምን ይላል ብዬም ነበር፤ በዚያ ወር የደረጃ ዕድገት እጠብቅ ነበርና። ማስረጃ ስለሌለ አይፈረድባቸውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሁሉ በታች ግን ስለ መጽሐፌ ፈራሁ። ያ መጽሐፍ ልክ ነበር፤ እጅ ላይ በሽታ አለ። ይህንኑ በዚያ ሕዝብ ፊት ቆሜ ለመናገር ግን ድፍረት አላገኘሁም።

«ዝም አሉ» ብዬ ጻፍሁ። የጻፍሁት ስለ እሳቸው ነው።

ሸንጎው መክሮ ተመለሰ። የሰው ደም በግምት አይፈለግም፣ በመሐላቸው ይለቀቁ ተባለ። «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ግን ጣሳው ከበር ይውረድ» አሉ ባላምባራስ። ነገሩን የሚያጣራ ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጽሑፉን ለሸንጎው አነበብሁ። አዴ ሌሊሴ አውራ ጣታቸውን እንዲያትሙ ቀረቡ። ቀለሙን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጣታቸውንም በወረቀቱ ላይ ይዤ ያሳረፍሁት እኔ ነኝ። ጎንበስ እንዳሉ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ደኅና ጻፉት፣ የኔታ?»

«ደኅና ጽፌዋለሁ» አልኋቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሳልፍ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። አጥሩ ለማገዶ ተነቅሏል። በሁለተኛው ዓመት ጣራው ወደ ውስጥ ገብቷል። በሦስተኛው ዓመት ከአውራ ጎዳናው ዳር የብሎኬት ቤት ተሠርቶ፣ በቀይ ቀለም ስሙ ተጽፎበት፣ ቢራ በሣጥን ሲወርድበት አየሁ። ላንድሮቨሩ እንደ በቅሎ ወንዝ ወርዶ መጠጣት አያስፈልገውም፤ ሾፌሩ ሳያቆም አለፈ። እኔም አቁም አላልሁትም።

ዕድገቱን አገኘሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ስትሞት ቤቱ ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ ያቺ የሜዳ ዝምታዬ ጎልታ ትሰማኝ ጀመር። ባለፈው ኅዳር የቡራዩውን መምህር አዲስ አበባ ላይ በአጋጣሚ አገኘሁትና አዴ ሌሊሴን ጠየቅሁት። ተፍኪ፣ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ ነገረኝ። በማግስቱ በሰበታ በኩል በአውቶቡስ ሄድሁ።

ከአንድ ጠባብ ቤት ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ፈዟል። ሰላምታ ስሰጥ በድምፄ ዐወቁኝ።

«የኔታ ነዎት እንዴ?» አሉ። ቆይተውም «ዘገዩ» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ልጠይቅ የመጣሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን ስሜን ለምን አልጠሩም?»

«ብዕሩ በእጅዎ ነበረ» አሉ። «አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልሁ ጠበቅሁዎት። እኔ ብጠራዎት እንግዳ ማጋለጥ ነው። እርስዎ ቢናገሩ ግን ለሁለታችንም ክብር ነበረ። ተራው ያንቱ ነበረ፣ የኔታ።»

አሁኑኑ ቡራዩ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ አልኋቸው።

«ለማን?» አሉኝ። «ባላምባራስ ሞቱ። ገዲሳም ባለፈው ክረምት ሞተ፤ ወንድሙን የገደልሁበት እንደመሰለው ነው የሄደው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሞቱት ይልቅ ልጄ ናት የከበደችኝ። አንድ ቀን ‹እማ፣ እውነት ምንም አላደረግሽም?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀችኝም። ባትጠይቀኝም ግን ስታየኝ ዐውቀዋለሁ።»

ልጃቸው ከጓሮ እንጨት ይዛ ስትመጣ ተነሣሁ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ መጽሐፉን፣ ባልደረቦቼን፣ ሸንጎውን፣ የጻፍሁትን። እንጨቱን ሳታወርድ ሰማችኝ። ወደ እናቷ አየች፤ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝም እወድ ነበር።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት» አለችኝ።

ሄድሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩት ይቀልላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን አልቀለለኝም። ለልጃቸው ብናገርም ዘጠኙን ዓመት አልመለስሁላቸውም፤ ኦቦ ገዲሳንም ከመቃብር አስነሥቼ ልነግራቸው አልችልም። ስለ ኦቦ ቱፋ አሟሟት የማውቀው ነገር የለም፤ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ ያልመለስሁትን። ቡራዩ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ካለ ለማያነቡት እንዲያነብላቸው እለምናለሁ፦ አዴ ሌሊሴን መቅመስ ያስተውኋቸው እኔ ነኝ።